ሞደም ሊኑክስ ላይ በራሱ አልነሳ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን የጫኑ ተማሪዎችና ነጋዴዎች ስለ ዶንግል (ሲም ገብቶበት በዩኤስቢ ስለሚሰካው ትንሽ ሞደም) ደጋግመው ከሚጠይቁኝ የተሰበሰበ ነው፤ ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፣ ተርሚናል ላይ ስትተይቧቸው ግን በላቲን ትናንሽ ፊደላት ነው።

ለዶንግሌ የሚሆን የሊኑክስ ድራይቨር ከየት ላውርድ?

ከየትም አታውርዱ። ይሄን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው ሰው ድራይቨር ፍለጋ ሁለት ቀን ሙሉ ዳታውን ሲጨርስ ስለማይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ዶንግሉ ድራይቨሩን ራሱ ይዞ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ተቃራኒው ነው። ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል። ሞደሙን ገዝታችሁ ቤት ሳትደርሱ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ለብዙዎቹ የሁዋዌና የዜድቲኢ ዶንግሎች የሚያገለግለው ሞጁል (ሲስተሙ ሲያስፈልገው የሚያነሳው የድራይቨር ፋይል) ኦፕሽን ይባላል። ስሙን ያገኘው ኦፕሽን ከሚባለው ሞደም አምራች ኩባንያ ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ለዚያ ኩባንያ ካርዶች ነበር። ዛሬ የብዙ አምራቾችን ሞደም ያስነሳል። ሌሎችም አሉ፦ ኪውኤምአይ-ደብልዩዋን፣ ሲዲሲ-ኤተር፣ ሲዲሲ-ኤምቢአይኤም፣ ሲዲሲ-ኤሲኤም። የትኛው እንደሚገባ መምረጥ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ሲስተሙ ራሱ ይመርጣል። እኛ የምንፈልገው ያለው ድራይቨር ለምን ሳይነሳ እንደቀረ ነው።

አንዳንድ ዶንግል ውስጥ ባለው ሲዲ ላይ ለሊኑክስ ተብሎ የተቀመጠ ኢንስቶለር ታገኛላችሁ። እለፉት። ለድሮ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት ለሆነው ክፍል) የተሠራ ነው። የሚሠራውን ነገር ሲያበላሽ እንጂ የተበላሸውን ሲያድን አላየሁም።

ሲሰካ በራሱ መነሳት ያለበት በምን መንገድ ነው?

እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ ሁለት ቁጥር ይዞ ይመጣል። አንዱ የአምራቹ ነው፤ ሌላው የምርቱ። የሁዋዌ 12ዲ1 ነው። የዜድቲኢ 19ዲ2 ነው። ስትሰኩት ከርነሉ ቁጥሮቹን ያነብና አዲስ ዕቃ መምጣቱን ዩዴቭ ለሚባለው ዕቃ ተቀባይ ፕሮግራም ይናገራል። ዩዴቭ ሞጁልስ-ዶት-አልያስ የሚባል መዝገብ ያገላብጣል፤ የትኛው ቁጥር የየትኛው ሞጁል እንደሆነ የተጻፈበት ነው። ቁጥሩ ከተገኘ ሞጁሉ ሎድ ይሆናል። ቲቲዋይዩኤስቢ0፣ ቲቲዋይዩኤስቢ1 እየተባሉ የሚቆጠሩ በሮች ይከፈታሉ። ከዚያ ሞደም ማናጀር በሮቹን ያንኳኳል፤ የሚመልስለትን ሞደም ኢንተርኔቱን ለሚያገናኘው ኔትወርክ ማናጀር ያስረክባል።

ከሰካችሁ በኋላ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ታገሱ። ሞደም ማናጀር እያንዳንዱን በር እየሞከረ ስለሆነ ይቆያል። ብዙ ሰው በአምስተኛው ሰከንድ ይነቅለዋል። ከዚያ መልሶ ይሰካል። ከዚያ ይነቅላል። እንዲህ እየተደረገ መቼም አይነሳም።

ሰካሁት፤ ግን ሲዲ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። አምራቾቹ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንዲቀል ብለው ዶንግሉ ውስጥ ሲዲ የሚመስል ትንሽ ቦታ አበጅተዋል። ዶንግሉ ሲሰካ መጀመሪያ «እኔ ሲዲ ነኝ» ብሎ ይቀርባል። ዊንዶውስ ከሲዲው ላይ ሞባይል ፓርትነር የሚባለውን የማገናኛ ፕሮግራም ይጭናል። ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ «አሁን ሞደም ሁን» ብሎ ያዘዋል። ያኔ ይቀየራል።

ሊኑክስ ላይ ያንን ትዕዛዝ የሚሰጠው ዩኤስቢ-ሞድስዊች የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። የጻፈው ጆሱዋ ዲትዘ ነው። ፕሮግራሙ ከሌለ ዶንግሉ ሲዲ እንደሆነ ይቀራል፤ ኦፕሽን የተባለው ሞጁልም የሚይዘው ሞደም ስለሌለ አይነሳም። ለውጡ በቁጥሩ ላይ በግልጽ ይታያል። እነ ሁዋዌ ኢ173 ሲዲ ሆነው ሲቀርቡ ቁጥራቸው 12ዲ1 እና 1446 ነው። ሲቀየሩ 1446 ይጠፋና 1001 ወይም 1436 ይመጣል። ዜድቲኢ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2000 የነበረው 0031 ይሆናል።

ምንም ሳትጭኑ ልትሞክሩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። ፋይል ማናጀር ላይ የሲዲውን ምልክት ቀኝ ክሊክ አድርጉና ኢጀክት በሉት። ከዜድቲኢ ዶንግሎች ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይቀየራሉ።

ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ በምን ልወቅ?

እባካችሁ ምንም ከመጫናችሁ፣ በተለይ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። አንድ ክረምት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚማር ልጅ ላፕቶፑን ከዝናብ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ሲስተሙን ለሦስተኛ ጊዜ ፎርማት አድርጎ ጭኗል። ዶንግሉ አሁንም አይሠራም። በሁለተኛው ፎርማት የሴሚስተሩ ኖት በሙሉ ጠፍቶበታል። ተርሚናል ከፈትንና ኤልኤስዩኤስቢ (የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች ከነቁጥራቸው የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ) አልን። አንድ መስመር ላይ 12ዲ1፣ ቀጥሎ 1446 ይላል። ገና ሲዲ ነው። ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት መርጦ ስለነበር ዩኤስቢ-ሞድስዊች አብሮ አልተጫነም። ሦስት ጊዜ ፎርማት ቢያደርግ ሦስቴም ያው ነው የሚሆነው። ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኖቱ ግን አልተመለሰም። እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ሱዶ ዲሜስግ -ደብልዩ ብላችሁ ተርሚናሉን ክፍት ተዉት። አሁን ዶንግሉን ሰኩ። ከርነሉ የሚያየውን ሁሉ እዚያው እየጻፈ ያሳያችኋል። ምንም መስመር ካልመጣ ጉዳዩ ድራይቨር አይደለም፤ ሶኬቱን፣ ገመዱን ወይም ዶንግሉን ራሱን ጠርጥሩ። ኤስአር0 የሚል የሲዲ ስም ብቻ መጥቶ ከቆመ መቀየሩ ነው ያልተሳካው። መጀመሪያ ኤስአር0 መጥቶ፣ ዕቃው ተነቀለ የሚል መስመር ተከትሎ፣ እንደገና በሌላ ቁጥር ከተመዘገበ መቀየሩ ተሳክቷል። ከዚያ በኋላ ጂኤስኤም ሞደም ኮንቨርተር ቲቲዋይዩኤስቢ0 ላይ ተያይዟል የሚል ከመጣ ድራይቨሩም ተነስቷል። ከዚህ በኋላ አልገናኝ ካለ ጥፋቱን ድራይቨር ላይ አትፈልጉ።

ሁለተኛው መሣሪያ ኤልኤስዩኤስቢ -ቲ ነው። ይሄ የዩኤስቢውን ዕቃዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ዘርግቶ እያንዳንዱን ክፍል የያዘውን ድራይቨር ያሳያል። ከሞደሙ ትይዩ ኦፕሽን ካለ ጥሩ ነው። ዩኤስቢ-ስቶሬጅ ብቻ ካለ ገና ሲዲ ነው። የድራይቨር ስም ቦታው ባዶ ከሆነ ዕቃው ተቀይሯል፣ ግን የሚያውቀው ሞጁል አልተገኘም። ለእርዳታ ሰው ስትጠይቁ የእነዚህን ሁለት ትዕዛዞች ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። «አይሠራም» ከሚለው ቃል ማንም ምንም ሊረዳ አይችልም።

ዩኤስቢ-ሞድስዊች የለኝም። ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው በዶንግሉ ነው። ምን ይሻለኛል?

ስልካችሁ ይበቃል። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያይዙና ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቆጥረዋል፤ ምንም መጫን አይጠበቅባችሁም። ከዚያ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዩኤስቢ-ሞድስዊች በሉ። ፓኬጁና አብሮት የሚመጣው የመረጃ ፋይል ተደምረው ከአንድ ሜጋባይት በታች ናቸው። ዳታ የሚበላው አፕት አፕዴት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ አፕዴት ሞክሩት፤ ፓኬጁን አላገኘሁም ካለ ብቻ አፕዴት አድርጉ።

ስልክም ከሌለ ፓኬጆቹን ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። የሲስተሙ ቨርዥን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጓደኛችሁ ኡቡንቱ 22.04 ካለው እናንተም 22.04 ከሆናችሁ፣ እሱ ቀድሞ የጫናቸው ሳይሰረዙ ከቆዩ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

ከዊንዶውስ ሪስታርት አድርጌ ስገባ ይሠራል። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳበራው ግን አይሠራም። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱን ራሱ ይዞ የመጣ ነው። ሪስታርት ሲደረግ ወደ ዩኤስቢው የሚሄደው ኃይል ብዙ ጊዜ አይቋረጥም። ዊንዶውስ ሞደም አድርጎት የወጣው ዶንግል ሞደም እንደሆነ ሊኑክስ ይረከበዋል። ላፕቶፑ ሲጠፋ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ዶንግሉ ወደ ሲዲነቱ ይመለሳል። ዴስክቶፕ ያላቸው ሰዎች ደግሞ «መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሞደሙ ይጠፋል» ይሉኛል። ምክንያቱ ያው ነው። ሊኑክሱ ላይ ዩኤስቢ-ሞድስዊች መኖሩን አረጋግጡ።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ነገር አለ። ዶንግሉ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ አይሠራም፤ ነቅለው ሲሰኩት ይሠራል። ሲስተሙ ገና ሳይዘጋጅ የመሰካቱ መልእክት ስላለፈው ነው። መንቀልና መሰካቱን የሚተካ ትዕዛዝ ሱዶ ዩዴቭአድም ትሪገር ነው፤ አክሽኑን አድ ብላችሁ መግለጽ አለባችሁ፣ አለዚያ እንደ አዲስ ዕቃ አይቆጥረውም። ኦፕሽን የሚለውን ቃል ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል ኢቲሲ በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ባለው ሞጁልስ-ሎድ-ዶት-ዲ ፎልደር ማስቀመጥም ይረዳል። ሞጁሉ ሲስተሙ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የፋይሉ ስም መጨረሻ ዶት ኮንፍ መሆን አለበት።

ከርነል አፕዴት አድርጌ ሞደሙ ጠፋ።

ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችኋል? እየሠራ ያለው አሮጌው ከርነል ሆኖ የእሱ ሞጁሎች ከዲስኩ ላይ ተሰርዘው ሊሆን ይችላል። ዩኔም -አር በሉና የሚመጣውን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ሊብ ውስጥ ሞጁልስ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። በዚያው ቁጥር የተሰየመ ፎልደር ከሌለ የሚነሳ ሞጁል የለም። ሪስታርት ይፈታዋል።

ፎልደሩ ካለ ግን ኦፕሽን ውስጡ ከሌለ፣ ኡቡንቱ ላይ ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ የሚባለው ፓኬጅ ለዚያ ከርነል አልተጫነም ማለት ነው። ኡቡንቱ ከርነሉን በሁለት ከፍሎ ነው የሚያቀርበው። በተለይ ለቨርቹዋል ማሽን የተዘጋጀውን ቀለል ያለ ከርነል የጫነ ሰው ይሄ ይገጥመዋል። ፋይሉ ኖሮ መዝገቡ ብቻ ከተበላሸ ሱዶ ዴፕሞድ -ኤ መዝገቡን እንደገና ይጽፈዋል።

ቲቲዋይዩኤስቢ0 መጥቷል፤ ግን ኢንተርኔት የለም።

ድራይቨሩ ሥራውን ጨርሷል። ከዚህ ወዲያ ጉዳዩ የሲምና የሴቲንግ ነው። ኤምኤምሲኤልአይ -ትልቁ ኤል በሉ፤ ሞደሙ ከተዘረዘረ ሞደም ማናጀር አውቆታል። ሲሙ ተቆልፎ ከሆነ ፒን ይጠይቃል። ኔትወርክ ማናጀር ላይ አዲስ የሞባይል ብሮድባንድ ኮኔክሽን ፍጠሩና ኤፒኤን የሚለው ቦታ ላይ ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም ኢቲሲ-ዶት-ኮም ብላችሁ ሙሉ። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ባዶ ይሁን። የሚደወለው ቁጥር *99# ነው።

ሂሳብ መኖሩን ማየትም አትርሱ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሞጁል ስንፈትሽ ቆይተን ፓኬጁ አልቆ የተገኘበት ቀን ነበር። ሲሙን ስልክ ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ ሞክሩት።

«ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለኛል።

ሞደሙን በቀጥታ የሚያናግሩትን ሚኒኮም ወይም ደብልዩቪዳያል የሚባሉ ፕሮግራሞች ስትጠቀሙ ነው ይሄ የሚመጣው። በሩ የተከፈተው ዳያልአውት ለሚባለው ግሩፕ አባላት ነው። ራሳችሁን ወደ ግሩፑ ጨምሩ፣ ሎግ አውት ብላችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። ሎግ አውት ካላላችሁ አይሠራም።

ደህና ሲሠራ ቆይቶ ይጠፋል። ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ድራይቨሩ ነው?

ብዙ ጊዜ ኃይል ነው። የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። ሞደም ሲግናል ሲደክምበት አጥብቆ መላክ ይጀምራል፤ ያኔ የሚስበው ይጨምራል። ሶኬቱ ካልቻለ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዶንግሉ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ ሲዲ ሆኖ ነው። ዲሜስግ ላይ ኤረር -71 ወይም -110 ካያችሁ ሞጁሉን ተዉትና ኤሌክትሪኩን አስቡ።

ጅማ ውስጥ ይሄ በተደጋጋሚ የሚመጣበትን መንገድ ልንገራችሁ። ሲግናል ለማግኘት ዶንግሉን ከርካሽ ማራዘሚያ ገመድ ጫፍ አስረን መስኮት ላይ እንሰቅለዋለን። ጅሬን አካባቢ አንድ ቤት ያየሁት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከውጭ በኩል ከብረቱ ጋር ታስሯል። ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይዟል። የሶኬቱ ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ይሄ ከተማ ዝናቡ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ ጊዜ አይሰጥም። ጥርሶቹን አልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረግናቸው፣ ቀጭኑን ገመድ ወፈር ባለና አጠር ባለ ቀየርነው፣ ዶንግሉ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ወሰኑ 5 ሜትር ነው፤ ቀጭን ገመድ ግን 2 ሜትር ላይም ያስቸግራል።

ገመዱ ደህና ሆኖ ዶንግሉ የሚጠፋው ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባትሪ የሚቆጥበው ክፍል እያስተኛው ነው። ቲኤልፒ የሚባለውን ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም የጫናችሁ ከሆነ የዩኤስቢ አውቶሰስፔንድ የሚለውን አጥፉትና እዩ።

ዶንግሌ አዲስ የ4ጂ ነው። ቲቲዋይዩኤስቢ የሚባል ነገር ጭራሽ አይመጣም።

ላይመጣም ይችላል፤ ጥፋት አይደለም። እንደ ሁዋዌ ኢ3372 ያሉት ሃይሊንክ በሚባለው ዓይነት ሲመጡ ራሳቸው ትንሽ ራውተር ናቸው። ሲቀየሩ ቁጥራቸው ከ1ኤፍ01 ወደ 14ዲሲ ይሄዳል፤ የሚይዛቸው ሞጁል ሲዲሲ-ኤተር ነው። ላፕቶፑ ላይ የሚታዩት በገመድ እንደመጣ ኔትወርክ ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.8.1 ብላችሁ ግቡ፤ ፒኑም፣ ኤፒኤኑም እዚያ ነው የሚሞላው። የሞባይል ብሮድባንድ ኮኔክሽን ለመፍጠር አትድከሙ፤ ይሄኛው አይፈልገውም።

የድሮ ላፕቶፕ አለኝ፤ የስልክ መስመር የሚሰካበት ሞደም ውስጡ አለው። እሱን ማስነሳት ይቻላል?

አይመከርም። አብዛኞቹ ሥራቸውን ግማሽ ለዊንዶውስ ሶፍትዌር የተዉ ሞደሞች ናቸው። ድራይቨራቸው ከዘመኑ ከርነል ጋር አብሮ አልተጓዘም። ጊዜያችሁን ዶንግል ላይ አውሉት።

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን መስመር ኢቲሲ ውስጥ ያለው ሞጁልስ ፋይል ላይ ጻፍኩ። ሞደሙ ይነሳል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ አንዳንዴም ይቆማል።

መስመሩ ዩኤስቢ-ሲሪያል ብሎ ጀምሮ የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር የሚያስከትለው ነው አይደል? ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፉ ጽሑፎች ሁሉ እሱን ይመክራሉ። ያኔ ለብዙ ሞደም ሌላ መንገድ አልነበረም። ዛሬ ግን ጉዳት ነው። ያ ጄነሪክ የሚባለው ድራይቨር ለሙከራ ብቻ መሆኑን ከርነሉ ራሱ ዲሜስግ ላይ ይጽፋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቀድሞ ተነስቶ ሞደሙን ስለሚይዘው ኦፕሽን ሊረከበው አለመቻሉ ነው።

መርካቶ ውስጥ ቡና የሚነግዱ አባት ላፕቶፕ ላይ ያገኘሁት ይሄንኑ ነው። ዶንግሉን ከአንድም ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። ሲሙንም ቀይረዋል። መስመሩን ማን እንደጻፈው አያውቁም፤ ምናልባት ሲስተሙን የጫነላቸው ልጅ ነው። እኔም አስቀድሜ ኔትወርኩን ጠርጥሬ ነበር። ኤልኤስዩኤስቢ -ቲ ስል ኦፕሽን በሚኖርበት ቦታ ዩኤስቢ-ሲሪያል-ጄነሪክ የሚል አየሁ። መስመሩን ሰርዘን፣ ላፕቶፑን አጥፍተን አበራነው። «ይሄ ሁሉ ጊዜ ለአንዲት መስመር?» አሉ። አዎ አባቴ፣ ለአንዲት መስመር።

በተመሳሳይ ኢቲሲ ውስጥ ሞድፕሮብ-ዶት-ዲ የሚለውን ፎልደርም እዩ። ብላክሊስት ብሎ ቀጥሎ ኦፕሽንን ወይም ሌላ የሞደም ሞጁል የሚጠራ መስመር ካለ፣ በራሱ እንዳይነሳ የከለከለው እሱ ነው። ይሄ የተደበቀ ምክንያት ነው፤ ሱዶ ሞድፕሮብ ኦፕሽን ስትሉ በእጅ ይነሳል፣ ስትሰኩ ግን አይነሳም።

ቁጥሩ ተቀይሯል፤ ሲዲ አይደለም። ግን የትኛውም ሞጁል አይዘውም።

ሞደሙ ከከርነላችሁ ይልቅ አዲስ ነው፤ መዝገቡ ላይ ቁጥሩ አልሰፈረም። ጥሩው መፍትሔ አዲስ ከርነል መጫን ነው። እስከዚያ ግን በእጅ ማስተዋወቅ ይቻላል። መጀመሪያ ሱዶ ሞድፕሮብ ኦፕሽን በሉ። ከዚያ ሲስ ውስጥ፣ ባስ፣ ዩኤስቢ-ሲሪያል፣ ድራይቨርስ፣ ኦፕሽን1 የሚለውን መንገድ ተከትላችሁ ኒው-አይዲ የሚባለው ፋይል (ሰረዙ ከታች የሚሰመረው ነው) ላይ የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር በመሀላቸው ክፍት ቦታ ትታችሁ ጻፉ። በሩ ወዲያው ይከፈታል። የምትጽፉት ከተቀየረ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው። የሲዲውን ቁጥር ብትጽፉ አይጠቅምም፤ ኦፕሽን የሲዲውን ክፍል አይይዝም።

ይሄ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲቆይ ኢቲሲ፣ ዩዴቭ፣ ሩልስ-ዶት-ዲ ውስጥ አጭር ደንብ ይጻፋል። ደንቡ የሚለው ይሄን ነው፦ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ያሉት ዕቃ ሲጨመር ኦፕሽንን አንሳ፣ ቁጥሩንም ኒው-አይዲ ላይ ጻፍ። ከዚያ ሱዶ ዩዴቭአድም ኮንትሮል ሪሎድ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኦፕሽን በዚህ መንገድ ሲገባ የሞደሙን ክፍሎች በሙሉ ሊይዝ ይችላል፣ ለኪውኤምአይ-ደብልዩዋን የተተወውን የዳታ ክፍል ጨምሮ። ኤልኤስዩኤስቢ -ቲ ላይ እያንዳንዱ ክፍል በማን እንደተያዘ ሳታዩ ደንቡን ቋሚ አታድርጉት።

ሲዲውን ከዶንግሉ ላይ ለዘለቄታው ማጥፋት እችላለሁ?

በድሮዎቹ የሁዋዌ ዶንግሎች ላይ ይቻላል። በሚኒኮም በሩን ከፍታችሁ ዩ-2-ዲያግ የሚባለውን የኤቲ ትዕዛዝ 0 አድርጋችሁ ትልካላችሁ። ከዚያ በኋላ ዶንግሉ ሲሰካ በቀጥታ ሞደም ነው፤ ዩኤስቢ-ሞድስዊችም አያስፈልገውም። አዳዲሶቹ ላይ ትዕዛዙ ሌላ ነው፤ በግምት አትሞክሩ።

እኔ ግን ለብዙ ሰው እንዲያደርገው አልመክርም። ቤት ውስጥ አንድ ዶንግል ለአራት ሰው ነው። እህታችሁ ዊንዶውስ ላይ ስትሰካው ድራይቨሩ የሚጫንበት ሲዲ የለም። ለእናንተ የተፈታው ችግር ለእሷ አዲስ ይሆናል። ለብቻችሁ የያዛችሁት ከሆነ ብቻ አድርጉት።

ሊኑክሱ ያለው ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ነው። ዶንግሉ ለአንድ አፍታ ይገባና ይጠፋል።

ቨርቹዋልቦክስ ዕቃውን ወደ ውስጥ የሚያስገባው በቁጥሩ ነው። ፊልተሩ ላይ 1446 ተመዝግቧል። ሊኑክሱ ዶንግሉን ሲቀይረው ቁጥሩ 1001 ይሆናል፤ ለቨርቹዋልቦክስ ያ ሌላ ዕቃ ነው፣ ስለዚህ ወደ ውጪው ኮምፒውተር ይመለሳል። ፊልተሩን ክፈቱ፣ የአምራቹን 12ዲ1 ብቻ ትታችሁ የምርቱን ቁጥር ባዶ አድርጉት። ከዚያ ቨርቹዋል ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ዶንግሉን ነቅላችሁ፣ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ሰኩት።